ቁልቁል የምጭነው ድንጋይ

ለውዱ ታናሽ ወንድሜ ለኡላርቤክ፦

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ አይሱሉስ፣ ትንሹ ኑሬልስ፣ የሞስኮን ብርድ እንዴት ያዛችሁት? እኔና እማዬ አላህ ይመስገን ደህና ነን። የእኔ ደህንነት እንኳ እንደ መኪናዬ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ያንገራግራል።

መልእክትህ ደርሶኛል። ያጠራቀምከውን ልከህ ሁለተኛ የካማዝ ጭነት መኪና እንድንገዛ፣ አንተም ተመልሰህ ከእኔ ጋር እንድትሠራ አስበሃል። ለዚህ ያነሳሳህ የእማዬ ቃል መሆኑን ሳነብ ግን ክው አልኩ። በጎረቤታችን በሶኑንቡ ስልክ «የወንድምህ መኪና ሽቅብም ቁልቁልም ሙሉ ነው» ብላ አስጽፋልሃለች። እማዬ አልዋሸችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሽቅቡ እውነት ነው። ከቢሽኬክ ከተማ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ መስኮትና ዱቄት ጭኜ ወደ ተራራው እመጣለሁ። እናንተ ከሩሲያ በምትልኩት ገንዘብ ሰፈሩ በአዳዲስ ቤት ተሞልቷል፤ በሩ ላይ ግን ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ዱቄቱም የሚገዛው ስንዴ የሚዘራ ሰው ስለጠፋ ነው። ቁልቁል ታዲያ ምን ልጫን? ድሮ በመከር ጊዜ መኪና ጠፍቶ ድንቹን ሜዳ ላይ ውርጭ ይመታው ነበር። ዘንድሮ አራት ቀን በየበሩ ዞሬ ያገኘሁት ዘጠኝ ጆንያ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱም አንደኛ ክፍል የመዘገበው ስድስት ልጅ ነው አሉ።

ባዶ መኪና ደግሞ በዶሎን ተራራ መንገድ በረዶ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሾፌሮቹ ሁሉ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ጭነን እንወርዳለን። ባለፈው ኬላ ላይ አንዱ ፖሊስ ሸራውን ገልጦ «አንተ ሰውዬ፣ ቢሽኬክ ድንጋይ አለቀ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ያለቀውስ ሰው ነው፣ እኛ ዘንድ» አልኩት። እሱም ሳቁን ትቶ አሳለፈኝ።

እማዬ በመስኮቷ መኪናው ሸራ ለብሶ፣ ጎብጦ ሲያልፍ ታያለች። ስመለስ «ዛሬም ጭነት ቀናህ አይደል ልጄ?» ትለኛለች። እኔም አዎ እላታለሁ። ደስታዋን መንጠቅ አቃተኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንተን እስኪያከስርህ መጠበቅ ግን አልፈልግም።

ስለዚህ ገንዘብህን አትላክ። ለድንጋይ አንድ መኪና ይበቃል። እናንተ እዚያ ስትቀሩ የሚወርድ ጭነት የለም፤ ብትመለሱ ደግሞ ገንዘቡ ቀርቶ የሚወጣው ይቆማል። በሁለቱ መሀል ደከመኝ፣ ወንድሜ። ና ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። በጣም ናፍቀኸኛል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የሶኑንቡ ልጅ ነው። ለአይሱሉ የሱፍ ካልሲ፣ ለኑሬል የደረቀ እርጎ ይዟል። ሁለቱንም ሳምልኝ።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። ዓይኗ ሩቁን እንጂ ፊደል አይለይላትም። «ጭነት እንዳለ ጻፍክለት?» አለችኝ። «ጽፌያለሁ እማዬ» አልኳት። ዛሬ ጠዋት የአንተን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች።

ወንድምህ ሳታርኩል
አት-ባሺ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2013