የሙሳ ውሃ በእኔ ትከሻ

ሰኞ

እኔ ሞኙ የሚያስሮጡን መስሎኝ የሸራ ጫማዬን አጥብቄ ሄድኩ። ሩጫ የለም! ከኢሳ ጎሣ የሆኑት መሪያችን ሮብሌ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አስቀመጡን፣ ከዚያ ዝም። "አደር" ነው የምንላቸው፣ አጎት እንደማለት። የሚለማመደው ልብ ነው አሉ። ልብ እንዴት ነው የሚለማመደው?

ስድስት ነን። ከጀልዴሳ ወዲያ በረሃውን በእግር ሄደን የውሃ ጉድጓድ ቦታ ልንቀይስ ነው። የሚሄዱት ግን አምስት ናቸው፤ የሚቀረውን አደር ይመርጣሉ። አራት ዓመት ቢሮ ተቀምጬ ሌላ ሰው ያየውን አገር ካርታ ገለበጥኩ። ዘንድሮም ከቀረሁ አለቀልኝ።

ማክሰኞ

ኮዳ ታደለን። ጉዱ ግን ማንም የራሱን ውሃ አይዝም። የኔን ሙሳ ያዘ፣ የሙሳን እኔ። ሙሳ የመልካ ጀብዱ ልጅ ነው፣ ሾፌር የነበረ፣ ቀልደኛ። ሲጠማህ "አጠጣኝ" ትለዋለህ። የአደር አባትም እንዲህ ነበር የሚሄዱት። ለምን ብላቸው ሳቁ እንጂ አልመለሱም።

አራቴ ጠየቅኩ። መጠየቅ ለካ እንዲህ ያሳፍራል! ወታደር የነበረው ግርማ አንዴም አልጠየቀም። ቀናሁበት።

ረቡዕ

ጉድ ሠራሁ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተጓዝን። ግርማ ዛሬም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠይቅም አልኩ። ሙሳ ዞር ሲል የሱን ውሃ ግጥም አድርጌ ጠጣሁ። የኔ እሱ ትከሻ ላይ ሙሉ ነበር እኮ! በኋላ ሙሳ አጠጣኝ ሲለኝ ኮዳው ባዶ ነው። ፈሰሰብኝ አልኩት። ኮዳውን ዳሰስ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ።

ሐሙስ

ዕረፍት። እህል አልበላ አለኝ። እግሬ ደህና፣ ወገቤ ደህና፣ ትንፋሼ ደህና። ታዲያ ምኔ ነው የከዳኝ?

ዓርብ

ሁሉም ፊት ተናገርኩ። አደር ውሃው የሙሳ ነው፣ ሙሳ ይፍረድ አሉ። ሙሳ አፈር አፈሩን እያየ፣ "አቦ፣ አውቄዋለሁ። ኮዳው ደረቅ፣ ሸሚዝህ ደረቅ፣ የት ፈሰሰ? ያናደደኝ አለመጠየቅህ ነው" አለ። ፍርዱን ግን አልተናገረም። አደር ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት ኑ ብለው ተነሡ።

ቅዳሜ

የቀረው ግርማ ነው! አደር እጁን ይዘው፣ "አንተ ጠንካራ ነህ። ግን የማይጠይቅ ሰው መጠማቱን የምናውቀው ሲወድቅ ነው" አሉት። አንጀቴን በላው።

ሙሳ ኮዳውን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥሎ የኔን ያዘ። ይቅር ብሎኝ ይሁን እየፈተነኝ አላውቅም።

መንገድ ጀመርን፤ ጀልዴሳ ሳንደርስ ጠማኝ። ሙሳ፣ አጠጣኝ አልኩት፣ ሁሉም እየሰሙ።