ያልታጠበው ሞተር ሰማንያ አራት ከመቶ አገኘ

ኢርቢድ ከተማ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት መጨረሻ። ጠዋት የተሸጠ፦ ዘጠኝ ቆርቆሮ አዲስ የወይራ ዘይት፣ አንድ ጆንያ የዛዕተር ቅመም። የተመለሰ፦ አንድ ቆርቆሮ፣ ክዳኑ ያፈሳል። የሚከተለው ዛሬ ከሰዓት በሱቄ መስታወት ላይ የምለጥፈው ነው።

ለተከበሩ ሐጅ ሙፍሊህ፣
የመኪና ፍተሻ ማዕከል ባለቤት፣
ባሉበት

ሰላምታዬ ከታላቅ አክብሮት ጋር ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ማዕከልዎ ወረቀት እንከን የለሽ፣ ጉልበትዎም እንደ ፒካፕ መኪናዬ ሞተር በአንድ ሌሊት ከስድሳ ስምንት ወደ ሰማንያ አራት ከመቶ የሚወጣ እንዲሆን እመኛለሁ።

እንደሚያውቁት በአገራችን መኪና የሚገዛ ሰው መኪናውን ከማየቱ በፊት “የፍተሻ ወረቀቱ ስንት ከመቶ ይላል?” ብሎ ይጠይቃል። ሴት ልጃችንን ስንድር እንኳ ስለ ሙሽራው ይህን ያህል አናጣራም። እርስዎ የዚህ ሁሉ እምነት ጠባቂ ስለሆኑ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ፒካፔ የአጅሉንን ዳገት አልወጣ ስላለ ልሸጠው ወስኜ ወደ ማዕከልዎ ባመጣሁት ጊዜ፣ መርማሪዎ ራኢድ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ በሽታውን ስላወቀ አመሰግናለሁ። “አጎቴ፣ ካርቦን በልቶታል። ከግንቡ ጀርባ ውሰድና አሳጥበው፤ ነገ ሙሽራ ሆኖ ይመጣልሃል” አለኝና ስድሳ ስምንት ጻፈልኝ። ከግንቡ ጀርባ ያለው የካርቦን ማጠቢያ የአማችዎ የዙሃይር መሆኑ የአጋጣሚ ነገር እንደሆነ አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፤ አማችዎ ላሳዩኝ ትዕግሥት ባለውለታዎ ነኝ። ሞተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ዘይት ይጨርስ እንደሆነ፣ ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አንዱንም ሳይጠይቁ ቱቦውን ይዘው መጡ። ካርቦን የለም አልልም። ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ቫልቫቸው ላይ ጥቀርሻ ይጋገርባቸዋል፤ ተከፍቶ ታይቶ ቢጠረግ ይጠቅማል፤ ይህን አምናለሁ። የኔ ግን አሮጌ ነው፤ ቤንዚኑ ራሱ ቫልቩን እያጠበ ይገባል። ዘይት የሚያቃጥል ከሆነም ዛሬ ቢታጠብ ነገ መልሶ ይጠቁራል። ይህን ስነግራቸው፣

“አቡ ናቢል፣ አንተ ዘይትህን ሽጥ! እኛ ያላጠብነው የአህያ ጋሪ ብቻ ነው” አሉኝ።

“የአህያ ጋሪ ሞተር የለውማ።”

“ቢኖረው እናጥበው ነበር።”

ለግልጽነታቸው አመስግኜ፣ ቱቦው መኪናዬን ሳይነካ ወጣሁ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ውለታዎ ይህ ነው። በማግሥቱ ያንኑ መኪና ይዤ ተመለስኩ። ለራኢድ የነገርኩት “ትናንት እንዳልከኝ ከግንቡ ጀርባ ሄጄ ነበር” ብቻ ነው። እሱም ሞተሩን አስነሥቶ ጆሮውን ዘንበል አደረገና ፊቱ በራ።

“ሰማህ አጎቴ? ድምፁ ራሱ ሌላ ሆነ!”

“ምኑ ነው ሌላ የሆነው?”

“ተነፈሰ! እፎይ አለ እኮ!”

ሰማንያ አራት። ማኅተም። ፊርማ።

ሐጅ ሆይ፣ ይህ ወረቀት ለነጋዴ ሲሳይ ነው፤ እኔም ነጋዴ ነኝ። ነገር ግን ገዢዬ ጎረቤቴ ኡም ሳሪ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በሹፌርነት የምታሳድግ ሴት ናት፤ ከኋላ መቀመጫ አሠርታበት ዳገቱ ላይ ያለውን መንደር ሴት ልጆች በዚያው መንገድ ትምህርት ቤት ልታመላልስበት ነው የፈለገችው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷት ሱቄ ድረስ መጣች።

“ሰማንያ አራት አገኘ አሉ! በል ቁልፉን ወዲህ በል፣ አቡ ናቢል።”

“ተይው ይቅርብሽ። አልታጠበም፣ አልተነካም።”

“ዋጋ ልትጨምር ነው አይደል? አውቅሃለሁ እኮ! ወረቀቱ ማኅተም አለበት።”

“ወረቀት ዳገት አይወጣም፣ እቴ።”

ተቆጥታ ሄደች። እኔን እንጂ እርስዎን አልተጠራጠረችም፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ያልነገርኳትን ለእርስዎ ልንገርዎ፦ ባለፈው ሳምንት ያ መኪና ከዳገቱ መጠምዘዣ ላይ ጉልበቱ ከዳውና ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ጎማውን ከድንጋይ ጋር አጋጭቼ ነው ያቆምኩት። ከኋላ ሲጮኹ የሰማሁት ቆርቆሮዎቼን ብቻ ነበር።

ስለዚህ የሰማንያ አራቱን ወረቀት ከስድሳ ስምንቱ ጎን፣ ከዚህ ደብዳቤ በታች ለጥፌዋለሁ። ኡም ሳሪም፣ ሌላውም ገዢ፣ ሁለቱን ቀኖች አስተያይቶ ይፍረድ።

ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ግንብዎም በሁለቱም በኩል ጸንቶ እንዲቆም እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

አቡ ናቢል፣ የዘይት ነጋዴ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የእኔው አማች ደግሞ ጉልበቱን ስለሚያመው ደረጃ መውጣት አቅቶታል። በግንቡ ጀርባ በኩል አሳልፌ ባመጣው ራኢድ ስንት ይሰጠዋል?

ነገ፦ ማለዳ ኡም ሳሪን ማባበል። መኪናውን ጀረሽ መንገድ ላይ ላለው ሜካኒክ መውሰድ፤ ሞተሩን እሷ ባለችበት ይክፈተው። እስከዚያ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ይቆያል።