ድምፄን የዘጋህባት ጣት

ወንድምዓለም፣

ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ በጨዋታችን ገጸ ባሕሪዬ ጠበቃዋ ንጉሡ ፊት ቆማ ለሦስቱ እስረኞች ምሕረት ስትለምን፣ እኔም «ይ... ይ... ይማሯቸው» ለማለት ስታገል፣ በአንዲት ጣትህ ድምፄን ዘጋህብኝ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ራስ ምታት ለቀቀህ? ጣትህስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴት እንደሚያወፍረኝ ታውቃለህ። ማተሚያ ቤቱም የሰው ስህተት አላጣም፤ ቀኑን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ስለቅም እውላለሁ። ዛሬ ያንተን ልልቀም።

ይህን የትረካ ጨዋታ አራት ዓመት በጽሑፍ ስንጫወት ተራኪው አንተ ብትሆንም መሣሪያውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። አንድ የመልእክት ቡድን፣ የገጸ ባሕሪዎቻችን መዝገብ፣ ዕጣችንን የሚቆርጠውን ዳይስ የምትጥል ትንሽ ፕሮግራም፤ በቃ። በእህታችን አሮጌ ስልክ እንኳ ይሠራ ነበር። እሷ ከሆስፒታል ተረኛነቷ ስትወጣ ትጽፋለች፣ እኔም በጊዜዬ እጽፋለሁ፤ ስጽፍ አንደበቴ አይያዝም። አንተ ግን «ዘመናዊ ጠረጴዛ» ያልከውን ፕሮግራም አመጣህ፤ ካርታው ይንቀሳቀሳል፣ ችቦው ይበራል፣ ንግግሩ በኢንተርኔት በቀጥታ ድምፅ፣ ለአንድ ሰው ሠላሳ ሴኮንድ። ጽሑፉም ጎን ለጎን ይቆይ ብዬ ለመንኩህ። «ጨዋታውን ታንቀራፍፊዋለሽ፤ ደግሞ ትለምጂዋለሽ» አልከኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያልለመድኩትን!

ከመሥሪያ ቤትህ የጋበዝከው ያ ቀልደኛ «የሚቆራረጠው መስመሩ ነው ወይስ ልጅቷ?» ሲል ሁሉም ሳቀ። ያንተን ሳቅ ከሁሉ ለየሁት፤ አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደግነው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ። ከዚያ ዘጋኸኝና «ጠበቃዋ የምትለው ጠፋት፤ እስረኞቹም ተሰቀሉ» ብለህ ተረክህ። ዳይስ እንኳ አልጣልክም። ለእንግዶችህ ንገራቸው፤ ያደነቁልህን የንጉሡን የሐዘን ንግግር የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። አንተማ ያለ እኔ እርማት የልደት ካርድ እንኳ ጽፈህ አታውቅም።

ይህን ሁሉ እንኳ እውጠው ነበር። አፌን ዘጋህ እንጂ ጆሮዬን አልዘጋኸውም። እማዬ ከኋላህ ስታልፍ «ልጄ ምነው ዝም አለች?» ስትልህ ሰማኋት። «መስመሩ ተበላሽቶ ነው፣ እማ» አልካት። እሷም «ምስኪን፤ ዛሬ ደግሞ እንዴት ጥሩ ትናገር ነበር» አለች።

እህታችን «ተይው፣ ለጨዋታ ተብሎ ወንድም አይጣልም» ብላኝ ነበር። እህቱንስ ለጨዋታ ብሎ የጣለው ማን ነው አልኳት። በማግስቱ ከእኔ ጋር ወደ ጽሑፉ ተመለሰች። የድሮውን ቡድን ከፍተናል፤ ለእስረኞቹም ዳይስ ጣልንላቸው። ሁለቱ ተረፉ፣ አንዱ ተሰቀለ። የተሰቀለው የምወደው ነበር፤ አለቀስኩለት፤ ግን ዳይሱ ነው። መምጣት ከፈለግህ በሩ ክፍት ነው፤ እንደማንኛችንም ጽፈህ፣ ተራህን ጠብቀህ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። መንትዮቹን ሳምልኝ፤ ትንሿ ቃል ሲይዛት አትቸኩልባት፣ ቃሏንም አትጨርስላት። እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስትስማትም መስመሩ ደህና እንደነበር ራስህ ንገራት። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ ሠላሳ ደቂቃም ቢፈጅብኝ።

ዳይስ ሲፈርድብኝ እቀበላለሁ። አንተ አፌን ዘግተህ፣ ዝምታዬን ለእናቴ በውሸት ስትተረጉምላት ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

እህትህ
ከማተሚያ ቤቱ ፎቅ፣ ከአራሚዎች ክፍል
ሐሙስ፣ ሰኔ 11