አስራ አንዱም ሣጥን ላይ የኔ ስም

እሑድ፣ ጥቅምት 9

እኔ ወታደር አግብቼ አላውቅም። ሟቹ ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ግንበኛ ነበር። ታዲያ ዛሬ ኩዌት ከተማ፣ ሻርቅ ሰፈር ድረስ ተወስጄ ከመኮንን ሚስቶች ጋር ክፍል የተቀመጥኩት ምን አጥፍቼ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ቤት ጌታ፣ ባባ የምንለው፣ የጦር መኮንን ነው። እስካሁን ቢሮ ውሎ ለምሳ ቤቱ የሚገባ መኮንን ነበር። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን በረሃ ውስጥ፣ ድንበር አጠገብ ያለ ካምፕ መደቡት። ስድስት ወር። የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። እንደሱ አዲስ ለተመደቡት ቤተሰቦች ስልጠና ተከፈተ፤ ከወታደር ኑሮ ጋር እንዲላመዱ ነው አሉ። ከዛሬ እስከ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ።

ማዳም "ዳናን ያዢልኝ" ብላ ይዛኝ ሄደች። ዳና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወንበር የሚባል ነገር አትወድም። አስተማሪዋን ኡስታዛ ይሏታል። ሳቂታ ናት፣ እሷም የወታደር ሚስት ነች። ደህና ነገር ነው የምታስተምረው። ለልጅ አትዋሹ፣ አባቱ የት እንዳለ ንገሩት። የመኝታ ሰዓቱን አትቀይሩበት። ሁሉንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አትጫኑ። እኔ አዳመጥኩ። ማዳም ስልኳን ነካካች። ለዳና "ባባ ዱባይ ሄዷል፣ ብስክሌት ሊገዛልሽ" ብላታለች። ልጅቷ በር በተንኳኳ ቁጥር ብስክሌት የመጣ እየመሰላት ትሮጣለች። ያ ረቢ!

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። የዛሬ አስር ቀን፣ ረቡዕ፣ ኢጃዛ፣ የእረፍት ፈቃድ፣ ወጥቼ አገሬ እገባለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። ልጄ ሰዓዳ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፣ የመጀመሪያዋ ነው። ኮምቦልቻ ገብቼ ላርሳት ቃል ገብቼላታለሁ። ባባም ማዳምም ሁለት ወር ፈቅደውልኛል። ቲኬቱ ግን አልተቆረጠም። ስጠይቅ ማዳም "ቡክራ" ትለኛለች። ነገ። የኩዌት ነገ መቼ እንደሚነጋ አላህ ይወቀው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አስራ አንድ ጊዜ! ሁለቴ ቆጠርኩት።

ዛሬ ከስልጠናው የቤት ሥራ ሰጡ። አንድ ወረቀት ነው፣ በሣጥን በሣጥን የተሰመረ። አባት በሌለበት ማን ምን ይሠራል የሚል ነው። ማዳም ሳሎን ቁጭ ብላ፣ ሻይ አስቀድታ፣ በአምስት ደቂቃ ሞልታ ጨረሰችውና ጠረጴዛ ላይ ጥላው ወጣች። እኔ ላነሳው ሄድኩ።

ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበቡን አልችልም። ከቁጥር ሌላ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እሱም የራሴ ስም፤ መታወቂያዬ ላይ ስላለ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ዘሃራ። ዘሃራ። ዘሃራ። አስራ አንድ ሣጥን፣ አስራ አንድ ዘሃራ!

ይህ ወረቀት ለስድስት ወር ነው። እኔ ደግሞ የዛሬ ዘጠኝ ቀን መሳፈሬ ነው።

ማዳም ስትመለስ "ኢጃዛዬስ?" አልኳት። "ይኸ እኮ ለትምህርቱ ብቻ ነው" አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ "ባባ እኮ የለም ዘሃራ። አሁን ባትሄጂስ? ልጅሽ እዚያ ጎረቤት የላትም?"

ጎረቤት! ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ወደ ኩሽና ገባሁ። ሽንኩርት አልነበረም ያስለቀሰኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ የሆነውን ብናገር ማን ያምነኛል። ማዳም "ራሴን አሞኛል" ብላ እኔንና ዳናን ብቻችንን ላከችን። "ወረቀቱን ስጪ፣ ፈርሚ፣ ያሉትን መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።" ራስ ምታቱ ጥፍር ቤት ቀጠሮ ነበረው፣ ሾፌሩ ነገረኝ።

ፈርሚ ስባል ፈረምኩ። በማን ስም እንደሆነ እንጃ።

ለካ ዛሬ እያንዳንዱ ቤተሰብ ወረቀቱን ለሁሉም የሚያነብበት ቀን ኖሯል። የኛ ተራ ሲደርስ አልችልም አልኩ፤ ኡስታዛ ተቀበለችኝና አነበበችልኝ። ትምህርት ቤት የሚወስዳት ማን ነው? ዘሃራ። ስትታመም ሐኪም ቤት? ዘሃራ። በሕልሟ ስትባንን? ዘሃራ። ውኃው ቢቋረጥ፣ መብራቱ ቢበላሽ? ዘሃራ። እናት ስትከፋ የሚያጽናናት? እሱም ዘሃራ! ሴቶቹ ሳቅ ጀመሩ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ምን ላድርግ።

"ዘሃራ ማናት?" አለች ኡስታዛ፣ "አያቷ ናት? አክስቷ?"

"እኔ ነኝ። የቤት ሠራተኛ።"

ሳቁ ቆመ። ኡስታዛ ወረቀቱን ወደ ሁሉም አዞረችው። ለካ ከያንዳንዱ ሣጥን ጎን ሁለተኛ ሣጥን አለ፤ እዚያ ሌላ ሰው መጻፍ አለበት። የመጀመሪያው ሰው ቢታመም፣ ቢጠራ፣ ቢሄድ ተብሎ ነው። በወታደር ቤት ለሁሉ ነገር ሁለት ሰው ይመደባል አለች። የኛ ሁለተኛው ረድፍ ነጭ ነው፣ ባዶ።

"ዘሃራ ከሌለችስ?" ስትል ከአፌ አመለጠኝ። "ዘሃራ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ አገሯ ትሄዳለች። ልጇ ልትወልድ ነው።"

ኡስታዛ ባዶውን ረድፍ በቀይ ከበበችው። "ነገ እናትየዋ ራሷ ትምጣ" ብላ ጻፈችበት።

እንዴት አድርጌ ለማዳም እሰጣታለሁ? ቦርሳዬ ውስጥ እንደ እሳት ፈጀኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሰጠኋት። ጮኸች። "በሰው ፊት አዋረድሽኝ! ስሚ አልኩሽ እንጂ ተናገሪ አልኩሽ?" ልክ ናት፣ ስሚ ብቻ ነው ያለችኝ። ግን እኔ ምን ልበል? ማን ነሽ ሲሉኝ ጎረቤት ነኝ ልበል?

ቆሻሻ ላወጣ ስወጣ ከድጃን አገኘኋት፤ አጠገባችን ያለው ቪላ የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት። ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እታለምዬ! በኮንትራት መጥተሽ የመኮንን ሚስት ሆንሽ!" ከዚያ ኮስተር አለች፦ "ባባ ነገ እስኪመጣ ኢጃዛ የምትይውን ቃል እንዳታነሺ። ዝም በይ። ወጥሽን ብቻ አሳምሪ።"

ዝም ልል ነበር። ዳና ግን ከትምህርት ቤት መጥታ ጫማዋን ሳወልቅላት "ባባ ሞቷል?" አለችኝ። ዱባይ ሄዶ እንዲህ የሚቆይ ሰው የለም ብሏታል አሉ የክፍሏ ልጅ። ልዋሻት አልቻልኩም። "አልሞተም። በረሃ ነው፣ ወታደሮች ጋር፣ አገር ይጠብቃል። ነገ ይመጣል" አልኳት። "ብስክሌቱስ?" "እሱን እናትሽን ጠይቂ።" ቀና ስል ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች።

አባያዋን ለበሰችና ብቻዋን ወደ ሻርቅ ሄደች።

ስትመለስ ኩሽና ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በዚህ ቤት አራት ዓመት ስኖር ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። "የዳና የትምህርት ቤት ምሳ ምን ምንድነው?" አለችኝ። የገዛ ልጇን ምሳ! አይብ በዳቦ፣ ኪያር ልጣጩ ተልጦ፣ ተምር ፍሬው ወጥቶ አልኳት። ስልኳ ላይ ጻፈች። ፀጉሯን እንዴት ነው የምትጎነጉኚው አለችኝ። አሳየኋት። ጉንጉኑ ሲፈታባት ሲፈታባት ማበጠሪያውን ወረወረችው፤ አንስቼ መልሼ ሰጠኋት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ባባ መጣ። ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሏል። ዳና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልወርድም አለች።

ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ አዲስ ነው። ዳና ፊደል ትቆጥራለችና ሁለተኛውን ረድፍ አንብቢልኝ አልኳት። በጣቷ እየተከተለች፦ አያቴ። አክስቴ። አያቴ። ማማ። ማማ። ማማ። "ማማ ስድስት ጊዜ አለች!" ብላ አጨበጨበች።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን እራት ሳቀርብ ባባ "ዘሃራ፣ ተነጋግረናል፣ ትሄጃለሽ። ሃያ ቀን" አለኝ።

ሃያ ቀን! ሁለት ወሩ ሃያ ቀን ሆነ። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። የከድጃን ምክር ረሳሁት።

"ባባ፣ አራስ በሃያ ቀን ጥዬ ልመጣ ነው? ሰው ምን ይለኛል? ማዳም፣ አንቺ ዳናን ስትወልጂ እናትሽ ስንት ቀን ነበረች አጠገብሽ?"

ማዳም ወደ ሳህኗ አየች። "አርባ" አለች። ቀጥላ ወደ ባሏ ዞራ፣ "አርባ ቀን ከአልጋ አላወረደችኝም፣ ታስታውሳለህ?"

ባባ ራሱን አከከ። ሩዙን መብላት ቀጠለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ምንም የለም። አሁንም ቡክራ። ባባ ቀኑን ሙሉ ተኛ። ከድጃ "አውሮፕላኑ ከመሬት ሳይነሳ እንዳታምኚ" ትላለች። ሻንጣዬን ሦስቴ ከፍቼ ዘጋሁት። ከፋርዋኒያ ገበያ የገዛኋቸው ሦስት ጥንድ የሕፃን ካልሲዎች አሉ፤ አንዱ እግር ጠፍቷል። የት ጣልኩት? እሱንም ፈለግሁ፣ አጣሁ። ዛሬ ሁሉም ነገር ያናድደኛል፣ ብረት ምጣዱ ሳይቀር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ባባ ጠዋት ወደ ካምፑ ከመሄዱ በፊት ስልኩ ላይ ቲኬቱን አሳየኝ። የኔ ስም በእንግሊዝኛ፣ አዲስ አበባ፣ ረቡዕ። መመለሻው ከአርባ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ሁለቱ ቀን ለመንገድ ነው አለኝ። ለዳና ቀን መቁጠሪያ ሠርቶላታል፤ እሱ የሚመጣበት ሐሙስ በአረንጓዴ፣ እኔ የምመለስበት በቀይ ተቀብቷል። ማዳም ዛሬ ራሷ ፀጉሯን ጎነጎነችላት። ጠማማ ነው፣ ግን አልተፈታም። አላረምኩትም።

ለሰዓዳ ደወልኩ። ወገቧን ከትናንት ጀምሮ ቆርጦ ቆርጦ ይዟታል፤ ሐኪም ቤት ሄዳ "ገና ነው፣ ተመለሺ" ብለዋታል።

"ልጄ፣ እስከ ሐሙስ ጠብቂኝ" አልኳት።

"እማ፣ እኔ መች ጠላሁ! እሱን ንገሪው" ብላ ስልኩን ሆዷ ላይ አደረገችው መሰለኝ፤ ድምጿ ራቀ። ምን እላለሁ? "እንኳን ደህና መጣህ፣ ግን ቀስ በል የኔ ጌታ፣ አያትህ መንገድ ላይ ናት" አልኩት።