ነፍስ ይማር የተባልኩበት ሳምንት

ሰኞ
ለፎቶዬ ሦስት ላይክ። አንዱ የራሴ ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ! ሀይሌ ጋርመንት መጋረጃ ስሸጥ ስልኬን ስፈትሽ ዋልኩ። ለቡ ቤቴ ስገባ መብራት የለም። ሻማ አበራሁ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ሌላ ፎቶ ተነሳሁ። ቡግሬ እንዳይታይ ጥቁርና ነጭ አደረግኩትና ምንም ሳልጽፍ ለጠፍኩት።

ማክሰኞ
ጉድ ፈላ። ሞቻለሁ አሉ! ከላይ እስከ ታች "ነፍስ ይማር" ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከሻማ ጋር ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? እኔው ነኝ ጅሏ። ላጠፋው ስል የሄለንን አየሁ። ሃይስኩል አጠገቤ ተቀምጣ ሰላም የማትለኝ ሄለን፣ "እንደሷ የዋህ አላየሁም፣ ሳቋ አይረሳኝም" ትላለች። ሳቄን መቼ ሰምታው? አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ። እማዬ ቡታጅራ ናት፣ ኢንተርኔት አታውቅም፣ አትሰማም። እስከ ነገ ይቆይ።

ረቡዕ
ቆንጆ ነበረች። ጎበዝ ነበረች። ሁሉም "ነበረች"። ደጋግሜ አነበብኩት፣ እኔም ናፈቀችኝ። አጎቴ ከቡታጅራ ደወለ፤ ምን እንደምለው ጨነቀኝና አላነሳሁም። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት የማውቃት የጎፋ ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። "በስመ አብ!" ብላ ሰልፉን ጥላ ሄደች። በስሟ ስጠራት ጭራሽ ሮጠች።

ሐሙስ
"አለሁ፣ አልሞትኩም" ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መልስ፦ "በሟች ስልክ የምትቀልድ፣ ፈጣሪ ይይልህ።" ሄለንም ተሳደበች። በቪዲዮ ልታይ ብዬ ካሜራውን ከፈትኩ። ዓይኔ አብጧል፣ ፊቴ ገርጥቷል። እንዲህ ሆኜማ አልታይም ብዬ ዘጋሁት። ሞታለች እየተባልኩም የምጨነቀው ለመልኬ ነው! እማዬ ጋ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው።

ዓርብ
ጥቁር የለበሱ ሰዎች የሞሉበት ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመ። አጎቴና ዘመዶች እማዬን ደግፈዋታል። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ስልኳን ደብቀው፣ "ትንሽ አሟታል፣ እንጠይቃት" ብለው ነው ያመጧት። መንገዱን ሙሉ ጥቁር ልብሳቸውን ስታይ ገብቷታል። እየጮኸች ወደ ግቢው ገባች። በሩን ከፍቼ "እማዬ" አልኩ። ጩኸቷ መሃል ላይ ቀረ፣ ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። እሷ ግን መጥታ ፊቴን፣ ጆሮዬን፣ አንገቴን ዳበሰች።
"ለምን ዝም አልሽ?" አለችኝ።
"ሰው ወደደኝ፣ እማዬ።"
ፎቶውን አጠፋሁት። አንጀቴን በላኝ፣ አልዋሽም።
እማዬ አሁን አልጋዬ ላይ ጋደም ብላለች። ትባንንና ስሜን ትጠራለች። "አቤት" እላታለሁ። ዓይኗን ትጨፍንና እንደገና ትጠራኛለች። እስካሁን መኖሬን ያመነች አይመስለኝም።