ስለ ሐይቅ ዳሩ ሥልጠና የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ኦሮዝቤክ ባይኬ፣
የጃሽ-ታላ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። የወገብ ሕመምዎ ቀለል እንዳለልዎት ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ብዙ የሚያስቀምጥ ሥራ ላለበት ሰው ወገብ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ በከተማችን ትምህርት ቤት ለላይኞቹ ክፍሎች የኪርጊዝ ቋንቋ የማስተምረው ካሊማ ነኝ። የቱማር እናት ነኝ ብል ግን ቶሎ ያስታውሱኛል ብዬ አስባለሁ፤ ባለፈው መስከረም ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ትከሻዋን ይዘው ስለ አካቶ ትምህርት ረዥም ንግግር አድርገዋልና። ቱማር ሕፃን ሳለች ማጅራት ገትር ይዟት ከዳነች ወዲህ አትሰማም። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷ ዝም ብላ ያየችዎት እርስዎን በመናቅ እንዳልነበረ በዚህ አጋጣሚ ላረጋግጥልዎት እወዳለሁ።

ምስጋናዬን እንደ ጽሕፈት ቤትዎ መመሪያዎች በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ለሚያስተምሩ መምህራን ሥልጠና እንዲሰጥ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ወሬው የደረሰን የመጀመሪያው በረዶ በወደቀ ሰሞን ነበር። ከሁላችን በላይ የተደሰተችው የቱማር አስተማሪ ጂፓር ናት። ጂፓር ገና ወጣት ናት፤ ሥራዋን ከጀመረች ብዙ አልቆየችም። ከትምህርት በኋላ ቤታችን እየመጣች፣ ሻይ እንኳ ሳትጨርስ ምንጣፉ ላይ ከቱማር ጋር ትቀመጥና እኛ በቤት የፈጠርናቸውን የእጅ ምልክቶች አንድ በአንድ ትማር ነበር። የቱማር አባት ሳማት የሚኒባስ ሹፌር ስለሆነ ምልክቱ መሪ ማዞር ነው። ዳቦን በሁለት መዳፍ ክብ እንሠራለን። ለጂፓር ደግሞ ቱማር ራሷ ስም አወጣችላት፤ ጉንጯን በጣቷ ወጋ ታደርጋለች፤ ጂፓር ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳልና። ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ በሙሉ በእጅ ማውራት ጀመረ። ልጄ ፊደል ለየች። ስሟን በውሃ ጠብታ መስኮት ላይ ጻፈችልኝ።

2. ለሥልጠናው የተመረጠውን ሰው ስለመረጡልንም አመሰግናለሁ። ጂፓር ልሂድ ብላ ስትጠይቅ፣ ሁላችን አጋይ፣ መምህር፣ የምንላቸው ምክትል ርዕሰ መምህራችን ሱዩንቤክ እንዲህ ብለው መለሱላት፦ "አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ነገ ባል ታገቢና ጥለሽን ትሄጃለሽ፤ ሥልጠናው ውሃ በላው ማለት ነው።" ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ሥልጠናው እንዳይባክን በማሰብ፣ ክፍል ገብተው የማያስተምሩትንና ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸውን ሱዩንቤክ አጋይን ራሳቸውን ሥልጠናው ወደሚሰጥበት የሐይቅ ዳር መዝናኛ ላከ። አጋይ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ፣ ሰርተፍኬትና በጭስ የደረቀ ዓሣ ይዘው ተመለሱ። አሠልጣኞቹ እዚያ ምን እንዳሉ አላውቅም። ምናልባት ደግ ደጉን አስተምረው ይሆናል፤ ከሐይቁ እስከ እኛ ሸለቆ ድረስ ያለው መንገድ ግን ብዙ ነገር ያራግፋል።

3. አጋይ የተማሩትን ለእኛም ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ስፖርት አዳራሽ ሰብስበው፣ "የልጅቷን ምላስ ያሰነፈው እጇ ነው። እጇ ካረፈ አፏ ይከፈታል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ትምህርት ቤት እጅ ማወናጨፍ ቀርቷል" አሉን።

ጂፓር ተነሣች። "አጋይ፣ ልጅቷ እኮ አትሰማም።"

"ታዲያ ጮክ በዪላታ!"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ተነሥቼ፣ ልጄ የምታወራው በእነዚያ እጆች ብቻ እንደሆነ፣ እነሱን መከልከል አፏን መዝጋት እንደሆነ ተናገርኩ። አጋይ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝና፣ "ካሊማ፣ አንቺ እዚህ የመጣሽው እናት ሆነሽ ነው ወይስ መምህርት?" አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ እስካሁን መመለስ አልቻልኩም። ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት በቃልም በጽሑፍም አመለከትኩ፤ "ጉዳዩን የሠለጠነ ባለሙያ ይዞታል" ተባልኩ።

4. አራተኛውን ምስጋና ጀምሬ ብዙ ጊዜ ሰረዝኩት። ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ብተወው ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ጂፓር የልጄን እጆች አልከለክልም አለች። በሳምንቱ "ለሥራው አስፈላጊነት" ተብሎ ወደ ላይኛው መንደር ተዛወረች። ለቱማር ማን ያስረዳት? ጂፓር በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አየች፤ በማግሥቱ ደግሞ ጠረጴዛው ጋ አጋይ ተቀምጠው አገኘች። ጂፓርን ያስቀየመቻት መሰላት።

አንድ ምሽት እራት ቀርቦ ሁላችን ተቀምጠን ቱማር አትበላም። ሾርባው ቀዘቀዘ። ሳማት፣ "ምን ሆነች? እጇን አሟታል እንዴ?" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሁለቱንም እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች። ክፍል ውስጥ እንዲህ ተቀመጪ ተብላ ነበር። ማንም ደግሞ ቤት ስትገቢ እጅሽን አውጪ አላላትም። ሊነግራት ቢፈልግስ በምን ይነግራታል? እኔ በእጄ፣ "ብዪ፣ ግልገሌ፣ እዚህ ቤት ነው" አልኳት። የእኔን እጅ ስታይ ደንግጣ በሩን አየች። ሰው እንዳያየኝ ፈርታልኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ከእኛም ጋር ማውራት አቆመች። እባክዎ ይህን ዓረፍተ ነገር በእርጋታ ያንብቡልኝ፤ በሥልጠናው ሪፖርት ላይ "በክፍል ውስጥ የሚታይ ጸጥታ ጨምሯል" ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነገር ነውና።

በየካቲት አንድ ቀን ሳማት ከትምህርት ቤት ሊወስዳት ሲሄድ ፊቷ አመድ መስሎ አገኛት። ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ በኋላ እንደነገረችን፣ ቱማር ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ታጥፋ ነበር፤ አጋይም "ቀጥ በዪ!" እያሉ ጮኸውባታል። ጮኸውባታል፣ ክቡር ሆይ፤ ልክ እንደ ሠለጠኑት።

ሆስፒታል ሐኪሙ ሆዷን ሊነካ ሲል ሸሸች። "የት ጋ እንደሚያማት ትንገረኝ" አለ።

"አትሰማም፤ የምታወራው በእጇ ነው" አልኩት።

"ታዲያ በእጇ ትንገረኝ! ፍጠኑ!"

በእጄ ለመንኳት። የት ነው የሚያምሽ፣ አሳዪኝ፣ አንዴ ብቻ። እሷ ግን ነጭ ጋውን የለበሰውን ሰውዬ ስታይ እጆቿን ከጀርባዋ ሥር ደበቀች። መምህር መስሏት ይሆናል። ሳማት ተንበርክኮ እጆቿን አወጣቸው፤ ሳማቸው፤ የራሱ ጉንጭ ላይ አደረጋቸው። "ተናገሪ የኔ ልጅ፣ እኔ አለሁ፣ ማንም አይቆጣሽም" እያለ፣ እንደማትሰማው እያወቀ ድምፁ እስኪዘጋ ለመናት። እሷ መልሳ ደበቀቻቸው።

ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ለብዙ ቀናት በሞትና በሕይወት መካከል ቆይታ ዳነች። ሐኪሙ ጠዋቱን ተናግራ ቢሆን ቀላል ነበር ብሎናል። ሱዩንቤክ አጋይም ፖም ገዝተው ሊጠይቁን መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እውነትም አዝነው፣ "ምነው ካሊማ፣ ልጅቷ ምነው ሳትናገር ቀረች?" አሉኝ።

ስታገግም ከተራሮቹ ማዶ ዋና ከተማ ወዳለው መስማት የተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰድናት። ስምንት ዓመቷ ነው። ጥለናት ስንወጣ አላለቀሰችም፤ ግቢው ውስጥ በእጃቸው የሚንጫጩትን ልጆች አፏን ከፍታ ታይ ነበር። አሁን ታወራለች። እሑድ እሑድ በስልክ ምስል ትታየናለች፤ እጇ ይፈጥናል፤ ትስቃለች፤ ትቀልዳለች መሰለኝ። የምታወራው ግን እዚያ በተማረችው ምልክት ነው፤ የቤታችንን ምልክቶች አንድም አታነሣም። ሳማት ስልኩን ይዞ፣ "ምን አለች? ምን አለች?" ይለኛል። እኔ የቋንቋ መምህርቷ፣ "አልገባኝም" እለዋለሁ። እሷም ጥቂት ትጠብቀንና፣ መልስ ሲጠፋ፣ እጇን አውለብልባ ትሰናበተናለች።

ስለዚህ ማንም ከሥራው እንዲባረር አልጠይቅም። በሚቀጥለው ጊዜ የሚላክ ሰው ሲመርጡ ግን፣ ጠዋት ክፍል ገብቶ ከልጁ ጋር የሚቀመጠው ማን እንደሆነ አንድ ሰው እንዲጠይቁ ብቻ በትሕትና እለምናለሁ።

ስለ ድካምዎ ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎት፣ የልጅ ልጆችዎም ወደ እርስዎ ሮጠው ሲመጡ የሚሉትን ሁሉ እርስዎ ለመረዳት እንዲበቁ ከልብ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ፣
ካሊማ፣ የቱማር እናት፤ ደግሞም መምህርት

ማስታወሻ፦ በዚህ ዓመት ከወረዳችን ትምህርት ያቋረጠ አንድም አካል ጉዳተኛ ተማሪ እንደሌለ በሬዲዮ ሲያበሥሩ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ስለ ቱማር ሄጄ ስጠይቅ "መኖሪያ የቀየረች" በሚለው ረድፍ ተመዝግባ አገኘኋት። እኛ መኖሪያ አልቀየርንም፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነን። ሊጠይቁን ከመጡ የሚተኙበት አልጋ አናጣም፤ አጭር ቢሆንም ባዶ ነው።