ከፍ ያለው ፓራፋንጎ

ደግሞ ማን ነው «አሮጊት መኪና ምን ያደርግላታል» ያለው? ምን እንደሚያደርግልኝ እኔ አውቃለሁ! እነዳዋለሁ አላልኩም። ጋራዡ ውስጥ ይቁም ነው ያልኩት።

ውይ፣ ሰላም እንኳ ሳልልሽ! እንደምን አለሽልኝ የልጄ ልጅ? ያ የጀርመን ብርድ አጥንትሽ ውስጥ ገባ ወይስ ገና ነው? ትበያለሽ? እኔ ከጉልበቴና ከአባትሽ በቀር የሚያመኝ የለም፣ ተመስገን።

አባትሽ የአያትሽን፣ የባሌን መኪና ሊሸጠው ነው። ዛሬ። ለአንድ የዙሪክ ሀብታም። እሱን ሸጦ ጋራዡንም ሊዘጋው ነው። «ማን ይረከበኛል?» ይለኛል ዓይን ዓይኔን እያየ። አንቺ እረከብሃለሁ ስትዪው፣ «እዚህ ሞዴና ውስጥ ሴት ልጅ ጋራዥ ስትመራ አይቼ አላውቅም» ብሎ ያባረረሽ እሱ አይደለም እንዴ?

ሀብታሙ ባለፈው ከባለሙያ ጋር መጥቶ ነበር። ባለሙያው ጓንት አጥልቆ መኪናውን እንደ በሽተኛ ሲዳብስ ቆየና «ግራው ፓራፋንጎ ከቀኙ ከፍ ይላል፣ እናስተካክለዋለን» አለ። እናስተካክለዋለን! አያትሽ ያንን የጎማ ሽፋን ላሜራ የአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝቶ፣ በዓይኑ እየለካ ነው የቀጠቀጠው። በሰው እጅ የተሠራ መኪና ሁለት ጎኑ እኩል ሆኖ ያውቃል? የአንቺም ግራ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ ላስተካክለው ያለ የለም። ይህንኑ ነገርኩት። አባትሽ «እማዬ፣ አንቺ የቶርቴሊኒ ሊጥሽን ጠቅልዪ» አለኝ። ጠቅልዬ ጨርሻለሁ!

እና ዛሬ ጠዋት መኪናው አልነሳም አለ። ትናንት እንደ አንበሳ ሲያገሳ የነበረው! አባትሽ ግማሽ አካሉን ኮፋኖው ውስጥ ቀብሮ ይሳደባል። ባትሪ ቀየረ። ካንዴላ ጠረገ። እሱ እንደ አባቱ ባትላሜራ ነው፣ ሞተር መች ያውቃል? ሞተሩ ያንቺ ነበር። ውሃ ሳቀብለው፣ ቀና እንኳ ሳይል «እሷ ብትኖር ኖሮ» አለ።

«ማን?» አልኩት።

«ማንም» አለኝ።

አየሽ? ይህን ሰምቼ ነው ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት።

ከካንዴላዎቹ የሚመጡት ሽቦዎች የሚገቡባቸው ሁለት ክዳኖች አሉ አይደል? በየክዳኑ ሥር እየተሽከረከረች እሳት የምታከፋፍል፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር አለች። አንዷ ብቻ ስትኖር መኪናው በስድስቱ ሲሊንደር እያነከሰ ነው የሚሄደው፤ አስራ ሁለቱም አብረው የሚዘምሩት ሁለቱም ሲኖሩ ነው። ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ስትነግሪኝ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎሽ ነበር። አልወሰደኝም።

ፖስታው ከበደ ብለሽ አትገረሚ። ጎረቤታችን ኢዮሌ ናት ፖስታ ቤት የምታደርሰው፣ ለሷም ምንም አልነገርኳትም። በመሐረብ የጠቀለልኩትን ነጭ ለብሰሽ እንዳትፈቺው፣ ቅባት አለው። የሌላኛው ክዳን እህቷ የኔ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ናት። በፖስታ እንዳትመልሺያት፣ አደራ። ራስሽ ይዘሻት ነይ። ባቡር እንደሁ ሞልቷል።

እግርሽ እንቅፋት አይምታው። የሄድሽበት በር ሁለቱም ሳንቃው ተከፍቶ ይቆይሽ። አያትሽም በዚያ በሰማይ ቤቱ...

አባትሽ እየጠራኝ ነው። «እማዬ! ሰውዬው መጣ! በሩን ክፈቺለት፣ እጄ ቅባት ነው!» ይላል።

የኔም እጅ ቅባት ነው። ታጥቤ ልክፈት።

አያትሽ